ሁለት ገጽ ስለ አንዲት ልጅ

ወረቀት መሙላት አልወድም። ነርስ ከሆንኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ግማሹን የፈጀሁት በሽተኛ በማስታመም ሳይሆን ሠንጠረዥ በመሙላት ይመስለኛል። ሱዳን፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ባለችው ክሊኒካችን ጠዋት ጠዋት ያን ሰፊ መዝገብ እዘረጋለሁ፤ ለትኩሳት አንድ ጭረት፣ ለተቅማጥ አንድ ጭረት፣ ለሳል አንድ ጭረት። ወር ሲሞላ ጭረቶቹ ተደምረው ወደ ገዳሪፍ ይላካሉ። ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያያቸው እግዜር ይወቅ። ብጠላውም እንደ ሥራ የምቆጥረው እሱን ብቻ ነበር። የአንድ በሽተኛ ታሪክ ለብቻው ተጽፎ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች እንደሚያነቡት ስሰማ "ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው" እል ነበር።

ያን ጨዋታ የሚወዱ ሐኪም ደግሞ እኛው ዘንድ አሉ። ሱዳናዊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፤ ሰኞና ሐሙስ ከገዳሪፍ በሚኒባስ እየመጡ የከበደብንን በሽተኛ ያያሉ። ከብብታቸው የማይለይ አንድ የተጎሳቆለ ቦርሳ አለ፤ ውስጡ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የመጨረሻው በሽተኛ ሲወጣ ጓሮ ካለችው ራኩባ፣ ከሣር ዳሳችን ሥር ማለቴ ነው፣ ይቀመጡና ሻይ አስቀድተው አንዱን ወረቀት ያወጣሉ። እያንዳንዱ ወረቀት ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምን አመመው፣ ሐኪሙ ምን መሰለው፣ የቱ ላይ ተሳሳተ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። እንግሊዝኛውን እያዩ በዓረብኛ ይተርኩልናል። መሐል ላይ ቆም ብለው "እናንተስ ምን ትላላችሁ?" ይሉናል፤ እንደ እንቆቅልሽ። አዋላጇ ትመልሳለች፤ ዘበኛው ሳይቀር ይገምታል። እኔ ምስር እየለቀምኩ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ነገ ዓርብ ነው፣ እረፍት ነው፤ ቤቴ መሄድ ነው የምፈልገው።

አንድ ሐሙስ አፌ አላስችል አለኝ። "ዶክተር፣ በአገሬ 'አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም' ይባላል። በአንድ በሽተኛ ምን ይታወቃል?" አልኋቸው። ዓረብኛዬ አንካሳ ሆኖ ወጣ መሰለኝ፣ ደግሜ አስረዳኋቸው። ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ።

"እንጨቱስ ልክ ነሽ፤ ክብሪት ግን አንድ ይበቃል፣ ያ ኡኽቲ" አሉኝ። እኅቴ ማለታቸው ነው፤ ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ ያቆላምጡኛል።

በዚያው ሰሞን ያነበቡልን ስለ አንዲት ሕፃን ነበር። አገሩን ሳይቀር ረስቼዋለሁ፤ ብቻ ሩቅ ነው፣ ጥጥ የሚዘራበት ቦታ። ልጅቷ ለሐጯ ይዝረከረካል፣ ያስመልሳታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ የዐይኗ ብሌን እንደ ነጥብ ይጠባል። ሐኪም ቤት ስትተኛ ትድናለች፤ ቤቷ ስትመለስ ይነሳባታል። ሦስተኛው ላይ ሞተች። ያከማት ሐኪም ለቅሶ ሊደርስ ቤቷ ሲሄድ መኝታዋን አየ፤ የተባይ መርዝ ከነበረበት ጆንያ የተሰፋ ነው። ሰውየው ስለ መኝታዋ አንድም ቀን አለመጠየቁን ሳይደብቅ ሁለት ገጽ ጻፈ። ዶክተሩ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አጠፉት። እኔም "ምስኪን" አልኩና ምስሬን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ከመተማ ቆላ የተነሳች፣ ገና ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ባሏ ከዶካ ወዲያ ባለ እርሻ ሰሊጥ አጫጅ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። ልጅቷ ሁለት ዓመት ገደማ ናት። እንደሷ ያለ ሳቂታ ልጅ አላየሁም፤ መርፌ ወግቻት እንኳ እንባዋ ሳይደርቅ ጉንጬን ትዳስሳለች። ስሜ ለምላሷ ስለከበዳት "እማ መርፌ" ብላ ሌላ አወጣችልኝ። ሠራተኛው ወዲያው ተቀበላትና እስከ ዛሬ በዚያ የሚጠራኝ አለ።

መጀመሪያ የመጣችው በትውከትና በተቅማጥ ነው። ለሐጯ ይወርዳል፤ ጥርስ እያወጣች ነው አልኩ። ሁለት ቀን አስተኝተን ፈሳሽ ስንሰጣት ተነስታ ቁጭ አለችና ሳቀች። መዝገቡ ላይ ለተቅማጥ አንድ ጭረት ጫርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ፤ አሁን ደግሞ ጡንቻዋ ይርገበገባል። የወባ መድኃኒት ጀመርንላት፤ በሁለተኛው ቀን ደህና ሆነች። ሌላ ጭረት፣ ሌላ ዓምድ ላይ።

ሠፈሩ በዚህ መሐል ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። "ቡዳ ነው" አሉ። እናትየዋ ጠበል በጄሪካን አስመጥታ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አጠበቻት፤ ልጅቷ ያን ዕለት ቀለል አላት። "ይኸው! አንቺ በመርፌ ያቃተሽን" ብለው ጎረቤቶቿ አሾፉብኝ። እኔ እንደሆንኩ ጠበል አልንቅም፤ እናቴ በጠበል ነው ያሳደገችኝ። ግን ተናደድኩ። ለምን እንደሚሻላት፣ ለምን እንደሚነሳባት አለማወቄ ነው ያናደደኝ፤ ንዴቴን ግን የተወጣሁት በልጅቷ እናት ላይ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ደረቷ ይንኮራኮራል፣ ላብ አጥልቋታል። ለሳል አንድ ጭረት ጫርኩና አስተኛኋት። ካርቱም ጦርነት ከገባ ወዲህ ዕቃ እንደ ልብ ስለማይመጣ የነበሩን ጥቂት አንሶላዎችም በዚያ ሳምንት ተቀዳደው አልቀዋል፤ ፍራሹ ባዶ ላስቲክ ነው። እናትየዋ ላይ ጮህኩባት።

"ምነው አንቺ! እንዲህ ባዶ ላስቲክ ላይ ልታስተኚያት ነው? የራሷን ምንጣፍ አምጪላት እንጂ!"

ጸሐዩ አናት ይበሳል። ምስኪኗ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስከ ድንኳኗ ሮጣ ሄደች፤ ሮጣም ተመለሰች። ጭድ ሞልታ የሰፋቻትን ትንሽ ፍራሽ አነጠፈችና ልጇን አስተኛቻት። ጎበዝ አልኋት። አዎ፣ በዚህ አፌ ጎበዝ ብያታለሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሁለት ጊዜ እኛ ዘንድ ተኝታ የተሻላት ልጅ አሁን ባሰባት። ረፋዱ ላይ አፏን ልጠርግላት ጎንበስ ስል አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ጋዝ ጋዝ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል።

"ይኼ ምንድነው የሚሸተው?" አልኋት።

እናትየዋ በዚያ ጭንቀት መሐል ፈገግ አለች። "የአባቷ ሽታ ነው፣ እትዬ። ከእርሻው ሲመጣ እንዲህ እንዲህ ይላል። እሷም እሱን ስታሸት ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።"

"ፍራሹን ከምን ሰፋሽው?"

"እሱ ካመጣልን ጆንያ። መቼም እንዲህ ያለ ጠንካራ ጆንያ አይገኝም።"

የልጅቷን ዐይን በጣቴ ገለጥኩ። ብሌኗ ከሰሊጥ ፍሬ አንሳለች። ያኔ የዚያች የሩቅ አገር ልጅ፣ ምስር እየለቀምኩ በግማሽ ጆሮ የሰማኋት ልጅ፣ ፊቴ ላይ ቆመች። በስመ አብ! ልጅቷን መንጭቄ አቀፍኋት፤ እናትየዋ ያበድኩ መስሏት ኡኡ አለች። አዋላጇ ፍራሹን በእንጨት እየገፋች ወደ ውጭ አወጣችው። ልብሷን አወላልቀን በሳሙና አጠብናት፤ ጠጉሯን፣ ጆሮዋን፣ የጣቶቿን መሐል። ለዶክተሩ ደወልኩ፤ ሚኒባስ ውስጥ ናቸው፣ መንገድ ላይ።

"ዶክተር! የጆንያዋ ልጅ! የጆንያዋ ልጅ መጣች!" ብዬ ጮህኩ። ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁኝ "አትሮፒን አለሽ?" አሉኝ። የመርዙ ማርከሻ ነው፤ ጥቂት ብልቃጥ ነበረን። መጠኑን ነገሩኝ፣ ደግሜ እንድነግራቸው አዘዙኝ። "ስጪያት፤ ደረቷን አዳምጪ፤ እስኪደርቅ እየጠበቅሽ ድገሚ" አሉኝ። ስልኩን አዋላጇ ጆሮዬ ላይ ይዛልኝ፣ እኔ የልጅቷን ደረት እያዳመጥኩ፣ ሽማግሌው ከሚኒባሱ ጫጫታ መሐል እየጮሁልኝ ሰዓቱ ሄደ። እሳቸው ሲደርሱ ደረቷ ጸጥ ብሎ ነበር። ስቴቶስኮፑን አንስተው አዳመጡ፣ ራሴን እንደ ልጅ ዳበስ አደረጉና "ኸላስ፣ አበቃ፣ አሁን አልቅሺ" አሉኝ። አለቀስኩ።

ልጅቷ ከሦስት ቀን በኋላ "እማ መርፌ" ብላ ተጣራች። እናቷ ግን በተራዋ ታመመች ማለት ይቻላል። እህል አልቀምስ አለች። "በገዛ እጄ ሰፍቼ፣ በገዛ እጄ አንጥፌ" ትላለች፣ እጆቿን እያየች። ባሏ ሰምቶ መጣ። የታጨደው ሰሊጥ ተከምሮ እስኪደርቅ ተባይ እንዳይፈጀው ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ የዱቄቱን ጆንያ የእርሻው ወኪል ሲጥለው አንስቶ ሁለት ጊዜ በውሃ አጥቦ አመጣላት። "ከሁሉ የሚሻለውን መርጬ" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኛ ቆለኞች ጆንያ አንጥልም፤ መጋረጃችን እሱ፣ ምንጣፋችን እሱ፣ የዝናብ ልብሳችን እሱ። ማን ይፍረድበት? እኔ ራሴ ቤቴ ሄጄ ጆንያዎቼን አንድ በአንድ አሸተትኩ።

ዶክተሩ "እንጻፈው" አሉኝ።

"ምኑን? ልጅቷ ድናለች እኮ!"

"እኛ በምን አወቅን? ያ ሐኪም ልጅቷን ማዳን አቃተው፤ ግን ጻፈ። አንቺ ደግሞ የዳነች ልጅ ይዘሽ ዝም ልትይ ነው?"

ታሪኳን እንዳዘጋጅ አዘዙኝና ያን መዝገቤን ገለጥኩ። ልጅቷን ፈለግኋት፤ የለችም። አንዷ ጭረት ተቅማጥ ዓምድ ውስጥ፣ አንዷ ወባ ውስጥ፣ አንዷ ሳል ውስጥ ገብታለች። እኔው ራሴ ሦስት ልጆች አድርጌ በትኛታለሁ። በነጭ ወረቀት ላይ መቼ ታመመች፣ መቼ ዳነች፣ የት ተኛች፣ ምን ላይ ተኛች ብዬ ከላይ ወደ ታች ስጽፈው ግን ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ቤቷ ስትተኛ ትታመማለች፣ እኛ ዘንድ አንሶላ ላይ ስትተኛ ትድናለች፣ ስትታጠብ ይቀላታል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይላሉ አባቶች፤ ሥሩ እዚያው አጠገቤ ነበር። አፈርኩ። ጠበሉንም ጻፍኩት። ዶክተሩ ይሰርዙታል ብዬ ነበር፤ "መታጠቧ ነው የረዳት፣ እናትየዋ ትክክል ናት" ብለው ተዉት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ያዙኝ። "ቤተሰቡ የተመረዘውን ምንጣፍ ወደ ክሊኒኩ አመጣ" ብዬ ጽፌ ነበር። ዶክተሩ እስክሪብቶአቸውን እዚያ ላይ አቆሙ።

"ማን አምጪ አላት?"

ወረቀቱን ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ።

"ያ ኡኽቲ፣ ማን አምጪ አላት?"

"እኔ ነኝ!" አልኩ። "ታዲያ ምን ይሁን? ዓለም ሁሉ ይወቅልኝ?"

"አዎ። አንሶላ የሌለው ክሊኒክ አንቺ ብቻ ያለሽ መሰለሽ? ነገ ሌላዋም 'ምንጣፏን አምጪላት' ትላለች።"

ወረቀቱን ጥዬላቸው ወጣሁ። ሰኞ ሲመጡ ሰላምታ ነሳኋቸው። ሽማግሌ ላይ ፊቴን ማጥቆሬ አሁን ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን የእውነት ተቀይሜአለሁ። ሃያ ዓመት ስሠራ የረዳሁት ሁሉ ሳይጻፍልኝ ጥፋቴ ሊጻፍ ነው! እሳቸው ሻይ አስቀድተው ከአጠገቤ አስቀመጡልኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሐሙስ ዕለት፣ "ነርሷ እናትየዋን ምንጣፉን እንድታመጣ አዘዘቻት" ብዬ ጻፍኩ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ።

ወረቀቱ ከመላኩ በፊት ለእናትየዋ በቋንቋዋ መነበብ አለበት፤ ካልፈቀደች አይላክም። ድንኳኗ ድረስ ሄድኩ። ልጅቷ ደጅ ላይ ፉል በእጇ እየዛቀች ጉንጯን ቀብታለች። እናትየዋ ወረቀት ስታይ ደነገጠች፤ ልትከሰስ መስሏታል። "ግድ የለሽም፣ ስምሽም የልጅሽም ስም የለበትም" ብዬ እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ። ጆንያው ላይ ስደርስ አንገቷን ደፋች። ከዚያ የነርሷ ነገር መጣ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አድርጌ አነበብኩት።

ቀና አለች። "አንቱ ነዎት እንዴ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ብቻዬን መስሎኝ... እኔ ብቻ ልገድላት የነበርኩ መስሎኝ" አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለስንት ቀን "አንቺ ምን አጠፋሽ" ስንላት ያልሰማች ሴት፣ ያ አንድ መስመር ወገቧን አቀናላት። ሽማግሌው ይኼን አውቀው ይሆን? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ "ለመሆኑ እንዴት አወቁት?" አለችኝ። ሌላ ቦታ እንዲህ የታመመች ልጅ እንደነበረች፣ ሐኪሟ ጽፎት እኛ ማንበባችንን ነገርኋት።

"ያቺስ ልጅ? ድናለች አይደል?"

መዋሸት እችል ነበር። አንጀቴ ዋሺ ዋሺ አለኝ፤ ገና አሁን ቀና ያለችን ሴት እንዴት መልሼ ልስበራት? ግን የራሴን ጥፋት ባነበብኩበት አፍ ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

"አልዳነችም" አልኋት።

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። የምታውቀው ሰው መርዶ እንደደረሳት ሆና አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከወገቧ እየተወዛወዘች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሲበርድላት ጠየቀችኝ።

"እናቷስ? በጆንያው መሆኑን ነገሯት?"

"ስለ እናቷ አልተጻፈም።"

"ነግረዋት ከሆነ ያቺ ሴት እንዴት ታድራለች?" አለች። "የልጅቷ ስመ ክርስትና ማነው? ቄሱ ጋ ሄጄ አሳስባታለሁ።"

የበሽተኛ ገመና እንዲጠበቅ ስም አይጻፍም፣ ክርስቲያን ትሁን እስላም እሱንም አላውቅም አልኋት።

"እንዴ፣ ልጄን ያዳነችልኝ ልጅ ስም የላትም?"

ልጇ ፉል በተለወሰ እጇ መጥታ ጉልበቷ ላይ ወጣች፤ እናትየዋ እጇን እንኳ ሳትጠርግላት እቅፍ አደረገቻት። ከዚያ ለዚያች እናት የሚደርስ ቃል ነገረችኝና "ይኼን ከመጨረሻው ላይ ይጻፉልኝ። ሌላውን እንደ ወደዳችሁ አድርጉት" አለችኝ። አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

እንዳለችኝ ጻፍኩት። ዶክተሩ አነበቡት፤ ብዙ ቆዩበት። ከዚያ በቀስታ አንድ መስመር አሰመሩበትና ሰረዙት። እንደገና ልጣላቸው ተነሳሁ። "እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለሐኪሞች ነው፤ ይኼ ቃል እዚያ ቦታ የለውም" አሉኝ። ድምፃቸው ግን እንደ ሰረዘ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌው ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። "አንቺ ሌላ ቦታ ጻፊው" አሉኝ። ሁለቱ ገጽ ያለዚያ ቃል ተላከ። የት የት እንደሚነበብ አላውቅም። እኔ ግን አሁን ታማ የመጣችን ልጅ ሁሉ አስቀድሜ ምን ላይ እንደምትተኛ ነው የምጠይቀው፤ እናቶቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ሌላ ቦታ ያሉኝ ይኼ ነው። የማን አገር ሰው እንደሆንሽ፣ በሕይወት እንዳለሽ የማላውቅሽ የዚያች ልጅ እናት፣ ቱነይድባ ያለች አንዲት እናት እንዲህ ብላሻለች፦ "እኅቴ፣ እኔም ሰፍቼላት ነበር። ጆንያው እንዲያ መሆኑን አላወቅንም፤ እንዲመቻቸው ብለን ነው። እጅሽን አትርገሚው። የኔዋ ይኸው ቆማ ትሄዳለች፤ ያንቺ ልጅ ናት ያቆመችልኝ።"